ሦስተኛው አንድም

ቦንጋ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይህ ወረቀት አርባ ምንጭ ሲደርስ በጤና ያግኝሽ፣ ልጄ አብርሆት። እኔ አያትሽ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ እስካሁን አላመፀብኝም።

ደጋግመሽ ደውለሽ ስልክ ስላላነሣሁ አትቀየሚኝ። በስልክ የተነገረ ነገር እንደ አገራችን የጠዋት ጉም ነው፤ ረፋዱ ላይ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። በጽሑፍ የተባለ ግን ባለቤት አለው፤ ሰውም ለቃሉ ባለቤት ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ የጠየቅሽኝን በወረቀት እመልሳለሁ፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። መናኸሪያ ትኬት የምትቆርጠው መሲ ደብዳቤውን ለሾፌሮቹ አደራ ትሰጥልኛለች።

አዎን፣ የሰማሽው እውነት ነው፤ ከደብራችን በታች ያለው ምንጭ ደክሟል። ያወቅነው ለጥምቀት በወረድን ጊዜ ነው። ከአሸንዳው እየዘለለ ይወርድ የነበረው ውኃ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ድምፁ ጠፍቶ አገኘነው። ዛፉ ሁሉ ውኃ በሚያልብበት በዚህ አገር ምንጭ ይደክማል ብሎ ማን ያስባል? ሕዝቡ ሕልም እንደሚያይ ሰው ፈዝዞ ተመለከተ። ከሕልሙ ሲነቃ ግን ጥፋተኛ ፈለገ።

የተገኘውም ጥፋተኛ ጎረቤታችን ሰማን ነው፤ ያ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ከስልጤ መጥቶ እዚሁ የጎለመሰው ባለሱቅ። ቧንቧው ቢያስቸግረው ጊዜ አምና ከሱቁ ጀርባ ጉድጓድ አስቆፍሮ ፓምፕ ተከለበት። አሁን «የምንጩን ውኃ የሳበው እርሱ ነው» ተባለ።

ነገሩ ወደ እድራችን መጣ። እንደምታውቂው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚቀባበርበት ይህ እድር እኔን ዳኛው አድርጎኛል። እንጨት ሠሪው ለገሰ ተነሥቶ ጮኸ፦

«ጉድጓዱ ይደፈን! አልደፍንም ካለ ከእድሩ ይሰረዝ!»

ሰማንም ተቀምጦ እንዳለ፣ «ለገሰ፣ ትናንት ከእኔ ጓሮ ሁለት ጀሪካን ሞልተህ ወስደሃል። እኔ ሌባ ከሆንሁ አንተ የተሰረቀ ተቀባይ ነህ» አለው። ሰው ሳቀ።

«ሳቅ ውኃ አይሆንም!» አለ ለገሰ።

የሳይንስ መምህሩ ፍቅሩ በትሕትና እጁን አነሣና፣ «ወገኖቼ፣ ይህ እኮ ገና መላምት ነው» ቢል ለገሰ ዘወር ብሎ፣ «ምን መላምት ትለኛለህ? ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ምንጩ ደረቀ። ይህ ሕግ ነው!» አለው። መምህሩ ተቀመጠ።

በዚህ ከተማ ከእድር የተሰረዘ ሰው ሞቱም ሐዘኑም የብቻው ነው። ሰማን ከተሰረዘ ሱቁን ዘግቶ ወንድሙ ያህያ ወዳለበት ወደ ዋጫ መሄዱ የማይቀር ነው። ፍርዱን ከሆሳዕና በፊት ላለው ለኒቆዲሞስ እሑድ ቀጥሬዋለሁ፤ እስከዚያ ማወቅ የምሻው አለ። እኔ እንደሚመስለኝ መላምት ዲያቆን ነው፤ ሲያድግ ቅስና ተቀብሎ ንድፈ ሐሳብ ይባላል፤ ሲሸመግል ጵጵስና ተሹሞ ሕግ ይሆናል። ለገሰ ያመጣው ነገር ዲያቆን ከሆነ አልፈርድበትም፤ ጳጳስ ከሆነ ግን ማን ይቃወመዋል? የነገሩን ማዕረግ ለይተሽ ጻፊልኝ።

ገብረሚካኤል፣ አያትሽ

*

አርባ ምንጭ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አባባ፣ መሪጌታዬ፣

መልሴ ስለዘገየ እግርዎን ይዤ ይቅርታ እለምናለሁ። ከአስተማሪዬ ከዶክተር ቀጸላ ጋር የሐይቁን ዳር ስንለካ ሰንብተን ትናንት ነው የተመለስነው። በመሲ በኩል ላስጠየቁኝ፣ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ምግብም እበላለሁ። እዚህ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ነገር በሙቀት ይደክምና ሐይቁ ከሰማይ ጋር አንድ ይሆናል፤ የት እንደሚለያዩ ዐይን አያገኘውም። ያን ጊዜ የቦንጋ ጉም ይናፍቀኛል።

አባባ፣ ድፍረት አይሁንብኝና ማዕረጉ እንደ ጻፉት አይደለም። በሳይንስ ሕግ የሚባለው ሁልጊዜ የሚሆነውን ነገር ይናገራል፦ የተለቀቀ ድንጋይ ይወርዳል፤ ውኃ ወደ ዝቅታው ይሄዳል፤ በምን ያህል ፍጥነት እንደሆነ ጭምር ይነግረናል። ለምን እንደሚሆን ግን አይናገርም። የለምንን ሸክም የሚሸከመው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ፈተና አልፎ የጸና፣ ብዙ ነገርን በአንድነት የሚያስረዳ ፍቺ ነው። ንድፈ ሐሳብ ሸምግሎ ሕግ አይሆንም። እርስዎ መሪጌታ ነዎት፤ መሪጌታ ስለ ሸመገለ ብቻ ቄስ ይሆናል? አንዱ ማኅሌቱን ይመራል፣ ሌላው ይቀድሳል። አገልግሎታቸው ይለያያል እንጂ አንዱ የሌላው መሰላል አይደለም።

መላምት ግን ዲያቆንም አይደለም። በር ላይ ቆሞ «ፈትኑኝ» የሚል እንግዳ ነው። የሚወድቅበትን መንገድ ራሱ ካላሳየ አይገባም። መጀመሪያ ከዶክተር ቀጸላ ጋር የተጋጨነው በዚህ ነው፦

«አብርሆት፣ ብትሳሳቺ በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አልተሳሳትኩም እኮ፣ ዶክተር።»

«እሱን መች ጠየቅሁሽ?»

ያን ቀን ተናድጄ ምሳ ሳልበላ ቀረሁ። በኋላ ግን እርስዎ ትዝ አሉኝ። አንድ ቃል ሲተረጉሙ «አንድም እንዲህ ነው» ብለው ፍቺውን ይሰጡና፣ ሳይውሉ ሳያድሩ «አንድም እንዲህ ነው» ብለው ሌላውን ፍቺ በጎኑ ያቆሙ ነበር። «ታዲያ የትኛው ነው?» ስልዎት፣ «ታገሺ፣ ሁሉም ይቁሙ» ይሉኝ ነበር። የለገሰ ስሕተት አንድም ማለቱ አይደለም፤ በአንደኛው ላይ ማቆሙ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንበል። አንድም የሰማን ጉድጓድ የምንጩን ውኃ ስቧል። አንድም ባለፈው ክረምት ዝናቡ አንሷል። የመጀመሪያው የሚፈተንበት መንገድ አለ፦ በጀሪካን ምንጩን ይለኩ፤ ከዚያ ጋሽ ሰማን ፓምፑን ለጥቂት ሳምንታት ያቁሙ፤ እንደገና ይለኩ። ጉድጓዱ ጥፋተኛ ከሆነ ምንጩ ያገግማል። ካላገገመ መላምቱ ወደቀ፤ በጋሽ ሰማን ላይ የሚቀር ነገር አይኖርም።

ልጅዎ አብርሆት

*

ቦንጋ፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ አብርሆት፣ ሰላም ከአንቺ አይራቅ።

የመሪጌታውንና የቄሱን ምሳሌ አነበብሁት። በመጀመሪያ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥሁት፤ ልጅ አያቷን ስታርም ወረቀቱም ያፍራል። በማግሥቱ ግን ምሳሌሽ እውነት ስለሆነ አውጥቼ ደግሜ አነበብሁት። እውነት ከሕፃን አፍም ብትወጣ መቀበል ግዴታ ነው።

ሰማን እሺ ይል እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ወደ ሱቁ ሄድሁ። ነገሩን ስነግረው ሚዛኑን አስቀመጠ። ሚስቱ ራሕመት ናት የመለሰችው።

«የኔታ፣ ፓምፑን አቁመን ምንጩ በራሱ ጊዜ ቢጨምርስ? ያን ጊዜ ማን ያድነናል?»

«እውነት ያድናችኋል» አልኋት።

«እውነት የእድሩ አባል ናት?» አለች። ሰማን ሳቀ፤ እርስዋ አልሳቀችም። ሆኖም በራሳቸው ፈቃድ ፓምፑን አቆሙ። ያቆሙት ሰኞ፣ ሁዳዴ በገባ ዕለት ነው። የእነርሱም ጾም በቅርቡ ይገባል፤ ዘንድሮ ከተማው በሙሉ በአንድነት ይራባል።

እንዴት እንደምለካ ልንገርሽ፤ ደስ ይልሻል። ሰዓት የማስርበት ልማድ የለኝም፤ የሰው እጅ የሠራው ሰዓት ይቀድማል፣ ይዘገያል። ጀሪካኑን ከአሸንዳው ሥር አቆምና የዘወትር ጸሎቴን ረጅሙን ክፍል እጀምራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ ድምፅ ያልሁት ነውና ከዚህ የበለጠ የታመነ መለኪያ አላውቅም። ከጾሙ በፊት ለካሁ፤ ጸሎቱ አልቆ ምስጋናውን ስጀምር ጀሪካኑ ይሞላል። ልኩ ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ እዚያ መቀመጥ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ባሳየሁሽ። ጉሙ ከጫካው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጉሬዛዎቹ በነጭ ካባቸው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ያልፋሉ፤ የሚሰማ ድምፅ የላቸውም። ከበላዬ ባሕር ዛፎቼ ይንሾካሾካሉ። የውኃው ድምፅና የእኔ ድምፅ ይቀላቀሉና የትኛው የትኛውን እንደሚከተል ይጠፋኛል። ጸሎቱ ስለ ሕግ የሚናገርበት ስፍራ ስደርስ፣ በተለይ በጾም፣ ልቤ እዚያው ይቆማል፤ ከእንቅልፍና ከንቃት መካከል ያለሁ ያህል ይሆንብኛል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። አንድም አልሽ፤ ደግመሽ አንድም አልሽ፤ ከዚያ ተውሽው። እኔ እንደዚያ አላስተማርሁሽም። በሁለት የሚያቆም ተማሪ ሦስተኛውን ከምላሱ ሥር ደብቆታል። ሦስተኛው ምንድን ነው?

ገብረሚካኤል

*

አርባ ምንጭ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አባባ፣

ጾሙ እንዳይጎዳዎት እየሰጋሁ ነው። ዳገቱን በባዶ ሆድ ባይወጡት ደስ ይለኛል፤ እንደማይሰሙኝም አውቃለሁ።

የጋሽ ሰማንና የእትዬ ራሕመት ነገር አሳዘነኝም አስደሰተኝም። እትዬ ራሕመት ያነሡት ጥያቄ ዶክተር ቀጸላ ከምትጠይቀው አይለይም። ምንጩ በሌላ ምክንያት በዚያው ወቅት ቢጨምር ጥፋቱ በጉድጓዱ ላይ ይለጠፋልና፣ ፓምፑ ሲቆም ሌላው ነገር ሁሉ እንደ ነበረ መቆየት አለበት።

ሦስተኛውን አንድም ጠየቁኝ። አሁን የምጽፈው የለኝም፤ ስለ እርሱ በሌላ ጊዜ እናወራለን።

ትናንት ሕልም አየሁ። እርስዎ ከምንጩ በላይ ባለው ዳገት ላይ ቆመዋል፤ ባሕር ዛፎቹም ተሰልፈው እንደ መዘምራን ይወዛወዛሉ። ውኃው ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ በግንዳቸው ውስጥ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ይሄድና ቅጠሉ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። «አባባ!» ብዬ ልጣራ ስል ድምፄ አልወጣ አለኝ። ሕልም ነውና አይጨነቁበት።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት። ጀሪካኑን ሲለኩ ከጸሎትዎ ጎን ሰዓት ቢያዝስ? የእትዬ ራሕመት ስልክ ሰዓት መቁጠሪያ አለው። ለጥንቃቄ ያህል ነው እንጂ እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም።

ልጅዎ አብርሆት

*

ቦንጋ፣ መጋቢት ፲ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ አብርሆት፣

ለደኅንነትሽ እጸልያለሁ። ስለ ሰዓቱ የጻፍሽውን ግን እንዳላነበብሁ ልቁጠረው። በዚህ ድምፅ ሙት ሸኝቻለሁ፣ በዚህ ድምፅ አንቺን ፊደል አስቆጥሬአለሁ። አንድ ጊዜም ቃል አልዘለልሁም፣ ቃል አልጨመርሁም። ለተከሳሽ ሚስት ስልክ ይዤ «መስክሪልኝ» የምል ዳኛ አይደለሁም።

ውጤቱን ለማወቅ ቸኩለሻልና እነሆ። ምንጩ አገግሟል። ከጾሙ በፊት ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ይሞላ የነበረው ጀሪካን፣ አሁን ጸሎቱ ገና ሳያልቅ ሞልቶ ይፈስሳል። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን አላምነውም ነበር፤ ነገር ግን ደጋግሜ ለክቼ ደጋግሜ ያንኑ አገኘሁ። ፓምፑ ቆመ፣ ውኃው ተመለሰ። ራስሽ «ጉድጓዱ ጥፋተኛ ከሆነ ምንጩ ያገግማል» ብለሽ ጽፈሻል። መላምቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ተፈትኖ ገባ። ከእንግዲህ ሕግ ልበለው፣ ወይም አንቺ የወደድሽውን ስም ስጪው፤ በኒቆዲሞስ እሑድ የምፈርደው በዚህ ነው። ጉድጓዱ ይደፈናል። ሰማንም አልደፍንም ካለ ስሙ ከእድሩ ይሰረዛል።

እምቢ ይል እንደሆነ ታስቢያለሽ። አዎን፣ ይላል። «ያላጠፋሁትን ጥፋት በገዛ አካፋዬ አልቀብርም» ብሎ ለመምህሩ ለፍቅሩ ነግሮታል። እልኸኛ ነው፤ እልሁን አልንቅበትም፣ የእኔም ወገን ነው።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ራሕመት መንገድ ላይ አገኘችኝ። በቤቷ በር በኩል ዕቃ በማዳበሪያ ተቋጥሮ አየሁ።

«የኔታ፣» አለችኝ፣ «አማቴ አልጋ ላይ ናት። ከእድር ካወጣችሁን ማን ይሸኝልኛል? ዋጫ ድረስ አስከሬን ተሸክሜ ልሂድ?»

እጅ ነሥቼ አለፍሁ። ዳኛ በመንገድ ላይ አይናገርም። ነገር ግን እንቅልፍ ከእኔ ርቋል። ሕግ የሚያደላ ቢሆን ኖሮ ለእርስዋ ባደላ ነበር።

ገብረሚካኤል

*

አርባ ምንጭ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ይህን በችኮላ ስለምጽፍ ሰላምታዬን እንደሚገባ አላደረስኩም፤ ይማሩኝ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

እባክዎን አይፍረዱ። ልጅ ሆኜ በሁዳዴ ማታ ማታ ራት ስጠብቅ ጸሎትዎ አያልቅም ነበር። በሌላው ወራት እንደዚያ አይደለም። ሴት አያቴ ተሾመች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ዛሬም ሕጉ ላይ ቆመዋል፤ እስኪጨርሱ ትንሽ ተኚ» ብለው ነጠላቸውን ያለብሱኝ ነበር። እርስዎ ቃል አልጨመሩም፣ አልዘለሉም። ነገር ግን በጾም ልብዎ ቃሉ ላይ ይቆያል። ጸሎቱ ሲረዝም፣ በዚያው ፍጥነት የሚወርድ ውኃ ቀድሞ የሞላ ይመስላል። ፓምፑ የቆመበትና ጾሙ የገባበት ቀን አንድ ነው። ያገገመው ምንጩ ላይሆን ይችላል።

እትዬ ራሕመት በስልካቸው ይያዙልዎት። ፓምፑ እንደ ቆመ ይለኩ፤ ከዚያ ፓምፑ ይከፈትና ደግመው ይለኩ። እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምለምነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የለኝም ብዬ ዋሽቼዎታለሁ። ሦስተኛው አንድም የእርስዎ ባሕር ዛፍ ነው። ከምንጩ በላይ ያለውን ዳገት ሁሉ ሞልቶታል፤ ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ እንደሚጠጣ እዚህ እንማራለን፤ ያን ምንጭ ስለመጠጣቱ ግን አላውቅም፣ መላምት ነው። ሴት አያቴ የሞቱ ዓመት ሲተክሉት ችግኙን እያነሣሁ ያቀበልኩዎት እኔ ነኝ። ከእርሱ ሥር ተቀምጠው የሚያዩትን ሕልም አውቃለሁ። ስለዚህ መጻፍ አቃተኝ። የጋሽ ሰማንን ጉድጓድ ስም በመጀመሪያው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የእርስዎን ዛፍ ስም ለመጻፍ ግን እጄ ታሰረ። ቅጣቴን እቀበላለሁ።

አብርሆት

*

ቦንጋ፣ ሚያዝያ ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ አብርሆት፣ የትንሣኤው ብርሃን ካለሽበት ይድረስሽ።

ከዚያ ወዲህ የላክሻቸው ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል፤ ዝምታዬን ቁጣ አድርገሽ እንደ ተረጎምሽው አይቻለሁ። አልተቆጣሁም። የጠየቅሽኝን ለመመለስ መጀመሪያ የሚመለሰው ነገር መሆን ነበረበት።

ያ የችኮላ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። በማግሥቱ ራሕመትን ወደ ምንጩ ጠራኋት። ስልኳን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ጸሎቴን ጀመርሁ። ጀሪካኑ የሚሞላበትን ሰዓት ያዘች፣ የጸሎቴንም ያዘች። እንዲህ እያደረግን ሰነበትን። አንድ ቀን ስልኳን አየት አድርጋ፣

«የኔታ፣ ብነግርዎት ይቆጣሉ?» አለች።

«ተናገሪ።»

«ዛሬ ጸሎትዎ ከትናንቱ ረዘመ። ጀሪካኑ ግን በትናንቱ ሰዓት ነው የሞላው።»

«በየትኛው ስፍራ ረዘመብኝ?»

«እኔ ግእዝ የት አውቄ? ዐይንዎን ጨፍነው ፈገግ የሚሉበት አለ፤ እዚያ ጋ።»

ልጄ፣ በዚያ ስፍራ ፈገግ እንደምል እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ፓምፑን አስከፈትሁ፤ ሰማን ቀንና ማታ ሳበበት። ደግመን ለካን። በራሕመት ስልክ ምንጩ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። መላምቱ ወደቀ።

የኒቆዲሞስ እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ሰማን ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም። እኔ ተነሥቼ፣ ልኬቴ እንደ ተሳሳተ፣ ራሕመት በሰዓት እንደ ለካች፣ በሰማን ጉድጓድ ላይ የቀረበው ክስ ተፈትኖ እንደ ወደቀ ተናገርሁ። ጉባኤው አጉረመረመ።

«ታዲያ ውኃውን ማን ወሰደው?» አለ ለገሰ።

«አላውቅም» አልሁ።

ከሴቶቹ ወገን የተቀመጠችው ታንጉት አፏን ይዛ፣ «የኔታ አያውቁም! ይህን ለመስማት ነው እስካሁን የኖርሁት?» አለች። በሳቁ መካከል እኔም ፈገግ አልሁ መሰለኝ።

ከዚያም እንዲህ አልሁ፦ «አንድም ዝናቡ አንሶ ይሆናል። እርሱን የምንፈትንበት ሥልጣን የለንም። አንድም ከምንጩ በላይ የቆመው የእኔ ባሕር ዛፍ ይሆናል። እርሱን ግን መፈተን እንችላለን፤ ይቆረጥ።»

በዚህ ጊዜ የሆነውን ብታዪ ኖሮ! ለገሰ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«የኔታ፣ ይህማ አይሆንም! የእትዬ ተሾመች መታሰቢያ ነው። ደግሞስ ምን ማስረጃ አለ? መላምት እኮ ነው!»

የሰማንን ጉድጓድ ያለ ማስረጃ ሊደፍን የነበረው ሰው ለእኔ ዛፍ ማስረጃ ጠየቀ። ስለሚያከብረኝ ነው ያለው፤ አከባበሩ ግን አሳፈረኝ። «ለገሰ፣» አልሁት፣ «በሰው ጓሮ ብቻ የሚፈተን መላምት ስሙ ሐሜት ነው። የሰማን ጓሮ ተፈትኗል። አሁን የእኔ ተራ ነው።»

ሰማን ያን ጊዜ መጥቶ ተቀመጠ። የተቋጠረው ዕቃ መፈታቱን ራሕመት በማግሥቱ ነገረችኝ።

ዛፎቹ ከሆሳዕና በፊት ተቆረጡ። ለገሰ መጋዙን ያዘ፤ በእያንዳንዱ ዛፍ ፊት ቆሞ ወደ እኔ ዘወር ይል ነበር፣ አቁም እንድለው። አላልሁትም። ሰማን በገመድ ግንዱን ይስብ ነበር፤ ሁለቱም ሲሰዳደቡና ሲሳሳቁ ዋሉ። ከምሽት በፊት ዳገቱ ባዶ ሆነ። ከዛፎቹ በኩል ይመጣ የነበረው ያ ሹክሹክታ ጠፋ። ስፍራው እንግዳ ሆነብኝ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣልና በየሳምንቱ እየወጣሁ አዲሱን ቀንበጥ በእጄ እሰብራለሁ። ቅጠሉ እጅ ላይ የሚተወውን ሽታ ታውቂዋለሽ።

አሁን ደጋግመሽ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ምንጩ ተመልሷል ወይ ብለሻል። ውኃው ጨምሯል። ነገር ግን ዛፎቹ በወደቁ ሳምንት ዝናቡ ገባ፤ ጫካው በሙሉ ያፈስሳል። የጨመረው ውኃ የዝናቡ ይሁን የዛፎቹ መቆረጥ ያመጣው ይሁን የሚለይበት መንገድ የለም። ሰው ሲጠይቀኝ «አላውቅም» እላለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንደ ድሮው አይጎረብጠኝም። የሚታወቀው ደረቁ ወቅት ሲመለስ፣ በመጪው ጥር ነው።

ቅጣትሽንም ጠይቀሻል። ሐሰት ጽፈሽልኛልና ቅጣት ይገባሻል፦ በክረምት ዕረፍትሽ መጥተሽ የምንጩን አለካክ ለራሕመትና ለመምህሩ ለፍቅሩ በደንብ አስተምሪ። መለካቱን ከእኔ ላይ አንሥቼ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ጸሎቴንም ከጀሪካኑ ለይቼዋለሁ፤ ፈገግ በምልበት ስፍራ የወደድሁትን ያህል እቆያለሁ።

እስከ ጥር በሕይወት ከቆየሁ ውጤቱን በገዛ እጄ እጽፍልሻለሁ። ካልቆየሁም አትጨነቂልኝ፤ የሚቀብረኝ እድር አለኝ፣ ከተሸካሚዎቹም አንዱ ሰማን ነው።

አያትሽ ገብረሚካኤል